ቀሪ

«ትርፌ አደላድለው» ሲለኝ ጸሐፊው ከበሩ ወጥቶ፣
ተነሣሁ፤ የእህቴ ጫማ ተረከዜን በልቶ በልቶ፣
ደረጃውን ወጥቼ ስገባ አንከስ እያልኩ ነበር፤
ሦስት ሰው፣ ሦስት ሃይላንድ ውሃ፣ አንድ ባዶ ወንበር።

አንዱ ስልኩን ይዳብሳል፤
አንዱ ቀና ሳይል ይጽፋል፤
መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ግን ዓይን ዓይኔን አዩና፣
ጠየቁኝ፣ ሻይ እንደሚያቀርብ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አረጉና፦
«ውሃው ከማጣሪያ ወጥቶ፣ ከተማውን አዳርሶ፣
ከመጨረሻው ቤት ቧንቧ፣ ከመጨረሻው ጫፍ ደርሶ፣
ስንት ክሎሪን ይገኛል? ቀሪው ስንት ነው፣ ልጄ?»

አውቀው ነበር። ላቦራቶሪ ለክቼዋለሁ በእጄ።
ሮዝ ሆኖ ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አይቼዋለሁ ሲፈካ፤
ያን ዕለት ምላሴን እንጃ፣ ምን እንደነካው፣ ምን እንደነካ፣
«ሁለት» አልኩ።
ሁለት!
«እናመሰግናለን። እንደውላለን።» ይኼው ነው ለካ።

ባጃጅ አልያዝኩም፤ ከፒያሳ ማራኪ ድረስ በእግሬ፣
የእህቴን ጫማ አንጠልጥዬ፣ በካልሲ፣ በጓሮ መንገድ ዞሬ።

መልሱ የመጣው ሌሊት ነው፤ መብራት ከጠፋ በኋላ፣
እንደ ዘገየ እንግዳ፣ ራቱ ሁሉ ከተበላ፦
ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ እስከ ዜሮ ነጥብ አምስት!
አልኩ ጮክ ብዬ። እህቴ «ሎተሪ ነው?» አለች፣ እንደ ማቃሰት።

ሳምንት አለፈ። ስልኬን ቻርጅ እሰካለሁ፣ ሞልቶ እያለ፤
አንድ ቀን ጮኸ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» አለ።
ሌላ ቀን ከአዘዞ አጎቴ «ውስጥ ሰው አለሽ?» ሊል ደወለ።

ሰው የለኝም።
ያለኝ ቁጥር ነው፤ ያውም ከዜሮ የሚጀምር።

በስም መጥሪያ ላይ «ቀሪ» ማለት ያልመጣ ሰው ነው፤
በላቦራቶሪ «ቀሪ» ማለት ሁሉን አልፎ የተረፈው።
የቱን እንደጻፉብኝ እንጃ።

በሦስተኛው ሳምንት ወረቀት አወጣሁ። ቀን ጻፍኩ ከራስጌ፣
«ለ» ብዬ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ማዕረጉ ሳይጎድል አድርጌ፦
ጉዳዩ፦ ያልመለስኩትን ጥያቄ ስለመመለስ።
«ሁለት ያልኩት ስሕተት ነው። ውሃው ከጫፍ ሲደርስ
ቀሪው ከታች የጻፍኩት ነው። ሥራው ለማንም ይዳር፤
ሁለት የምትል ትርፌ ግን እናንተ ዘንድ እንዳታድር
በማክበር እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር።»

ከበሩ ጋሽ ማንደፍሮ፣ ዱላቸውን ከጎን ጥለው፣
በጀሪካን ላይ ተቀምጠው፣ በካፖርታቸው ተጠቅልለው፣
«ሦስቱም የሉም፤ ስብሰባ። ወረቀቱ ምንድነው?» አሉኝ።
«መልስ ነው።»
«እስቲ አንብቢልኝ።»
አነበብኩ። ጥቂት ዝም ብለው፦
«ዜሮውን ለነሱ ተይው። እኔስ ቤት ጀሪካን አለኝ፤
ውሃዋ በስንት ቀኗ መጥታ፣ ስትሰነብት ትሸተኛለች፤
የልጅ ልጄን ሆዱን ይቆርጠዋል።
ለዚያስ ስንት? ንገሪኝ።»

እዚያው ከድንጋዩ ተቀመጥኩ። ምላሴ አልታሰረችም፤
«ሁለት» አላለችም።
«የውሃ መድኃኒቷን አንድ ክዳን፣ ለሃያ ሊትር። ያማስሉና
ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ ይጠጡ በደኅና።»
«ግማሽ ሰዓት ብቻ?» አሉ፤ «ይኼን ሳላውቅ አርጅቼ ኖሬ!»
«ብቻ» አልኩ፤ እኔ ሦስተኛ ሳምንቴን የያዝኩት፣ ዛሬ።

ወረቀቷን ተቀበሉኝ፤ አጥፈው ከተቱ ከኪስ፤
«ሴትዮዋ ሲመጡ እሰጣለሁ። ግልባጩ ግን ለኔም ይድረስ።»

አሁን ሌሊት ነው። ስልኬ ትራስጌ ዝም እንዳለ ነው።
ጓሮ ያለው ቧንቧ ግን ጉሮሮውን ጠረገ፤
አንዴ አስነጠሰ፣ አየር ተፋ፣ ደግሞ ዝም፣ ደግሞ አጓራ።
ተነሥቼ ጀሪካን ደረደርኩ፤ ድፍርሱን ለቀቅሁት እስኪጠራ።
እህቴ ከበሩ ቆማ፣ ዓይኗን እያሸች፣ «ደወሉ?» አለች በተስፋ፣ በፍራቻ፣ በተራ።
«አይ» አልኳት፤ «ውሃው ነው የተጣራ።»

ክዳኗን ለካሁ።
ሰዓት አየሁ።